ዝንብ ያሳደረችን ቆላ

ከአምቦ ተነስቶ ወደ ዓባይ አፋፍ ለመውረድ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መንዳት ያስፈልጋል። ጊንጪ ሲደረስ ነው መንገዱ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ በዚህ ጉዞ ቀጥ ብሎ የሄደ ነገር እንዳልነበረ ከወዲሁ እንድታውቁት ነው።

የምጽፈው ከተመለስኩ በኋላ፣ አምቦ ሱቄ ውስጥ፣ ገዢ በሌለበት ሰዓት ነው። እኔ የቦንዳ ልብስ ነጋዴ ነኝ። ከውጭ አገር ታስሮ የመጣውን አሮጌ ልብስ ፈትቼ፣ አራግፌ፣ ሰቅዬ እሸጣለሁ። ወንጌል ለማገልገል የሚታጨው ሰው እኔ እንዳልሆንኩ ደብራችን በሙሉ ያውቃል። ነገር ግን ባለቤቴ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ተነስታ «መኪናው ከእኛ» አለች፤ ሰው እልል አለ። ያ አሮጌ ፒክአፕ ማርሹ ከእኔ በቀር የማንንም እጅ እንደማይሰማ እሷም ታውቃለች።

ጉዳዩ ይህ ነው። በጊንደበረት፣ ከካቺሲ ከተማ በታች፣ ማዶ ጎጃም በሚታይበት አፋፍ ላይ አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ያሏት አገልጋዮች ቄስ ጉደታና ዲያቆን ልጃቸው ብቻ ናቸው። ቅዳሴ ደግሞ ከአምስት ሰው ባነሰ አይቀደስም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። በዚህ ምክንያት ሕዝቡ ቅዳሴ ካየ ቆይቷል። የጎደሉትን ሦስቱን እኛ ልንወስድ ነው፦ ቄስ ተክሌ፣ ዲያቆን ምትኩና ዲያቆን ገመቹ። ገመቹ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተምራል፤ በኦሮምኛ ሲሰብክ ደግሞ የአምቦ እናቶች መቀነታቸውን ፈትተው እንባ የሚጠርጉለት ሰው ነው። እሑድ ጠዋት ተቀድሶ፣ እሑድ ማታ አምቦ ልንገባ ተነጋገርን። በእኔ በኩል ይህ የማይነካ ውል ነበር። ሰኞ ጠዋት የቦንዳ መኪና አምቦ ይገባል፤ ቀድሞ የደረሰ ይመርጣል፣ የዘገየ የተመረጠበትን ይወስዳል።

ዐርብ

ጧፍ፣ ዘቢብ፣ የኦሮምኛ መጻሕፍት፣ ከእኔ ሁለት ነጭ ነጠላና አንድ ካርቶን የአምቦ ውሃ ጭነን ወጣን። የአምቦ ሰው እንግድነት ሲሄድ ምን እንደሚይዝ ይታወቃል።

ከጊንጪ ታጥፈን ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። ጎጆ ከተማ ላይ ጉም ዋጠን። አምቦም ጉም አለ፤ የእኛው ግን ሁለት ሰዓት ሲሆን ሥራው አልቆ ይሄዳል። የጎጆው እኩለ ቀን ላይ እንኳ እዚያው ተቀምጧል። ከፊት ለፊት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ጃንጥላው ይታያል፣ ከዚያ ድምፁ ይደርሳል፣ ራሱ በመጨረሻ ነው የሚመጣው። ገብሱ፣ ባሕር ዛፉ፣ ፈረሱ ሁሉ በወተት ውስጥ የተነከረ ይመስላል። ቄስ ተክሌ ዐይናቸውን ጨፍነው ዳዊት ይደግማሉ፤ እኔ ደግሞ ዐይኔን ገልጬ ብነዳም የማየው ከእሳቸው ብዙ አይበልጥም ነበር።

ምሳ ቤቷ ውስጥ ድንች የገባበት ሽሮ ቀረበልን። ባለቤቲቱ ካህናቱን አንድ በአንድ ተሳልማ እኔ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«ይኼኛውስ?» አለቻቸው።

«እሱ ሹፌር ነው» አሉ ቄስ ተክሌ።

«እንግዲያው ይጨመርለት» ብላ ሌላ ጭልፋ ሽሮ ደፋችልኝ። በዚያ ጉዞ ያገኘሁት የመጀመሪያ ማዕረግ ይኸው ነው።

ካቺሲ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ካቺሲን አውቃታለሁ፤ ከዓመታት በፊት በገበያዋ ቀን ሸራ ዘርግቼ ኮትና ሱሪ ሸጬባታለሁ። ያኔ የጮኽኩበት ሜዳ ባዶውን ሲታይ ያነሰ መሰለኝ። ያረፍንበት ቤት አልጋዬ መሐሉ ጎድጉዷል፤ አዋቂ ሳይሆን ሕፃን የሚተኛበት አንቀልባ ነው የሚመስለው። ባለቤቷ ለምን እንደመጣን ስትሰማ ከራሷ አልጋ ላይ ብርድ ልብሷን አንስታ አመጣችልን። «አንቺስ?» ብንላት «እኔ የአገሩ ሰው ነኝ» አለች፤ ብርዱ የአገሩን ሰው እየለየ የሚተው ይመስል።

ቅዳሜ

ከካቺሲ በታች መሬቱ ቀስ በቀስ ያልቃል። በእኛ በአምቦ ተራራ ሽቅብ ነው የሚታየው፤ ራስን ቀና አድርጎ ወደ ወንጪ በኩል ማየት ነው። እዚህ ግን ተራራውን ከላይ ሆነህ ታየዋለህ። ገደሉ በሰማያዊ ጭጋግ ተሞልቷል፤ ከጭጋጉ ማዶ የጎጃም አፋፍ፣ አንዳንዴ ያለ አንዳንዴ የሌለ፣ ተንሳፍፎ ይታያል። ወንዙ አይታይም። እዚያ ሥር ዓባይ እንዳለ የሚነግርህ ሁሉም ሰው ወደዚያ ሲያይ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ብቻ ነው። ስንወርድ ሙቀቱ ጨመረ፤ ጎጆ ላይ የደረብነውን ሁሉ አንድ በአንድ አወለቅን።

አንዲት አሸዋማ ጅረት ላይ መኪናዬ ተቀበረች። ማርሽ ብለውጥ፣ ብማጸናት፣ ብሰድባት እንቢ አለች። የሚያርስ ገበሬ አየን፤ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው አምጥቶ አሰረልንና ጎትቶ አወጣን። እጄን ኪሴ ስከት ያዘኝ። «ለማርያም የመጣ ሰው አይከፍልም» አለ። አምቦ ቢሆን ከበሬው በፊት ዋጋው ነበር የሚመጣው፤ አስማሚውም እኔ ሳልሆን አልቀርም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቄስ ጉደታ ከመንደሩ ጫፍ ቆመው ተቀበሉን፤ ወደምናርፍበት ወደ ኦቦ ገለታ ቤትም ወሰዱን። ኦቦ ገለታ ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው፤ ግራ እጃቸው ከሆዳቸው አይለይም። ዕጢ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አምቦ ሐኪም ቤት ኦፕራሲዮን ቀጠሮ አላቸው፤ ስንመለስ በእኛው መኪና ሊሄዱ ነው። የሚወጣ የሕዝብ መኪና ከካቺሲ በታች የለም።

ነገር ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። ከባለቤታቸው ከአዴ ጫልቱ ጋር ከአርባ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ያጋቧቸው የአገር ሽማግሌዎች ናቸው እንጂ በቁርባን አልተጋቡም። ንስሐ ገብተው ቅዳሴ ሲጠብቁ ከርመዋል።

«ሽማግሌ ያጋባው እስከ መቃብር ነው» አሉኝ። «እኔ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው የፈለግኩት። ሐኪሙ ቢላውን ከማንሳቱ በፊት።»

አዴ ጫልቱ «ከዚያ ወዲያም ጭቅጭቄ አይለየኝ እያለ እኮ ነው» አሉ፤ ግን ፊታቸውን አዙረው ነው።

ኦቦ ገለታ ይህን ሲያጫውቱኝ እኔ የማየው ኮታቸውን ነበር። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ክርኑ ላይ ቆዳ ያለው። የሸጥኩትን ዕቃ አልረሳም።

«አወቅከው?» አሉኝ።

«ከካቺሲ ገበያ ነው።»

«ከአንተ ነው። ‹ማንም አልለበሰውም፤ ቦንዳው ሲፈታ በዓይኔ አይቻለሁ› ብለህ ሸጥክልኝ።» እጃቸውን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰደው ትንሽ ወረቀት አወጡ። የማናውቀው ፊደል የታተመበት፣ ጥጉ የተቆረጠ የአውቶቡስ ቲኬት ነበር። «እቤት ስደርስ ይህን አገኘሁ። ልጄ፣ ያልተለበሰ ኮት አውቶቡስ ይሳፈራል?»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ቄስ ተክሌ ከሁሉም በላይ ሳቁ። ኦቦ ገለታ ቲኬቱን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። «ሞቆኛል ግን» አሉ፤ «አልተቀየምኩህም።»

ከዚያ መከራዬ መጣ። ቀዳሾቹ ለነገው ቅዳሴ ስለሚጾሙ እህል ውሃ አይቀምሱም፤ ቆራቢዎቹ ባለቤቶቹም እንደዚሁ። ጎረቤቱ ደግሞ ለአራት እንግዳ ብሎ በቅቤ የታሸ ጩኮውን፣ እርጎውን፣ ዶሮውን ይዞ መጥቷል። የሚበላ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሴቶቹ ተሰልፈው ተቀመጡና አፌን ያዩ ጀመር። ካህናቱ ጥግ ላይ ሆነው ያዛጋሉ። የአራት ሰው ክብር በአንድ ሆድ እንደማይሸከሙት ያን ቀን ገባኝ። የአምቦ ውሃዬን ከፍቼ ለአንዷ ጎረቤት ብሰጣት፣ ቀምሳ «ውሃችሁ ይናከሳል» ብላ መለሰችልኝ። የእነሱ ውሃ ጸጥ ያለ ነው፤ ሲጠጡት ድምፅ የለውም።

ደጅ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ በጎጃም በኩል ስታዘቀዝቅ ገደሉ ወይን ጠጅ ሆነ፤ ከማዶ የውሻ ጩኸት ይመጣል፣ የዚህኛው ወገን ውሻ ይመልስለታል። ሁለቱ ሳይተያዩ እንዲህ እየተነጋገሩ ስንት ጊዜ እንደኖሩ እያሰብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እሑድ

ገና ሲነጋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ሄድን። መንገዱ በከብቶች መሐል ያልፋል። ቆላ ነውና ዝንቡ ከሰው ቀድሞ ነቅቷል። ምትኩና ቄስ ተክሌ ቀድመዋል፤ ገመቹ ከእኔ ፊት ፊት እየሄደ ዜማውን በለሆሳስ ይለማመዳል። ድንገት ዜማው ተቋረጠ። ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለና ሳል ያዘው፤ ሳለ፣ ተፋ፣ እንደገና ሳለ። ቀና ሲል ዐይኑ እንባ ሞልቷል።

«ዝንብ» አለኝ። «ጋሽ በቀለ፣ ዝንብ ገባብኝ።»

ለማታውቁት፣ ቀዳሽ ዝንብ ከዋጠ ጾሙ ፈርሷል፤ መቅደስ አይገባም። አራት ሰው ደግሞ አይቀድስም። ሌላ ዲያቆን ያለው ካቺሲ ነው፤ እስኪመጣ ቀኑ ያልቃል።

«ማንም አላየም እኮ» አልኩት። ነጋዴ የመጀመሪያ ሐሳቡ ይኸው ነው።

ገመቹ ሄዶ በአጸዱ በር ላይ ለቄስ ተክሌ ነገራቸው። ሕዝቡ ተሰብስቧል። ኦቦ ገለታና አዴ ጫልቱ ያመጣሁላቸውን ነጠላ ለብሰው ግንቡ ሥር ተቀምጠዋል፤ ኮቱ ከነጠላው ሥር ይታያል።

«ገባች ወይስ ወጣች?» አሉ ቄስ ተክሌ።

«አላወቅኩም አባቴ። አንድ ነገር ተፍቻለሁ፤ እሷ ትሁን ሌላ ግን አላየሁም።»

«ካላወቅህ አትቀድስም። አጠገብህ ማን ነበር?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ በዐይነ ልቡናዬ የመጣችው ሰኞ ጠዋት የምትገባው የቦንዳ መኪና ናት። ቢዋሽ ማን ይጎዳል አልኩ፤ ሽማግሌው ይቆርባሉ፣ ሕዝቡ ያስቀድሳል፣ እኔም ቤቴ እገባለሁ።

«ወጥታለች» አልኩ። «በዓይኔ አይቻለሁ። ክንፏ ረጥቦ ነበር፤ ቅጠል ላይ አርፋ፣ አራግፋ በረረች።»

አጸዱ ሙሉ ሰው ተነፈሰ። ቄስ ጉደታ አማተቡ። ገመቹ ግን አየኝ፤ ተማሪ መልሱን ከጎረቤቱ እንደገለበጠ የጠረጠረ አስተማሪ እንዴት እንደሚያይ ታውቃላችሁ። ዝርዝር እንዳበዛሁ ገባኝ። ክንፏን ባልናገር ይሻል ነበር።

ኦቦ ገለታ በእጃቸው ጠሩኝ። ሄጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። እሳቸውና እኔ ብቻ በምንሰማው ድምፅ፣ «ኮቱንም በዓይንህ አይተኸው ነበር» አሉኝ።

ከነጠላው ሥር ወደሚታየው ኮት አየሁ።

«ኮት ነው፤ ምንም አይደለም። ይህ ግን ከእሷ ጋር ወዲያ ማዶ የምሻገርበት ነው።» ወደ አዴ ጫልቱ አላዩም፤ እጃቸው ግን በሚስታቸው እጅ ላይ ነበር። «ዱጋ?» አሉኝ። እውነት ነው? ማለታቸው ነው።

በሃያ ዓመት ንግድ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆኛል። እንዲህ ቀስ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

«አላየሁም፣ ኦቦ ገለታ» አልኩ። «ሲያጎነብስ ያየሁት ጀርባውን ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቆጡ አልመሰሉም፤ የጎደለ ሒሳብ እንዳገኘ ሰው ነበር ፊታቸው። «እንግዲያው ነገ ይሁን» አሉ ጮክ ብለው። «እኛ ነገን እንጠብቃለን። አንተ ግን ዛሬ መመለስ አለብህ፤ ነግረኸናል። ሂድ።»

«ማክሰኞስ? ቀጠሮዎትስ?»

«እሱን ከቆረብኩ በኋላ አስበዋለሁ።»

ያለ እኔ መኪና ከዚያ ቆላ እንደማይወጡ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። አዴ ጫልቱ መሬት መሬት ያያሉ። ተነስቼ ቄስ ተክሌ ጋ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ቅድም አይቻለሁ ያልኩት አላየሁም።»

«ቅድም ያየኸው አሁን ጠፋህ?»

«ቅድምም አልነበረም። እስከ ነገ እናድራለን፤ መኪናው አይሄድም።»

«ንስሐህን እሰጥሃለሁ» አሉ። «ነገ ጠዋት ዝንብ የምታባርረው አንተ ነህ።»

ስልክ የሚሠራው ከመንደሩ በላይ ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ቆሞ ነው። ወጥቼ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፤ ሰኞ እንደማልደርስ፣ ቦንዳውን ሌሎች እንዲመርጡ ነገርኳት። «ስልኩን የያዝከው አንተ ራስህ ነህ?» አለችኝ።

ቅዳሴ ባይኖርም ቀኑ ባዶ አልሆነም። ገመቹ ከሾላው ሥር ቆሞ በኦሮምኛ ሰበከ። ስለ ዝንቧ አንድም አላነሳም፤ ሕዝቡ ግን እያየው ፈገግ ይል ነበር። ከምሳ በፊት ቄስ ተክሌ ሕመምተኛው እንዲበሉ አዘዙ፤ ኦቦ ገለታ እንደ ልጅ አኮርፈው በሉ። ካህናቱም ቅዳሜ እኔ ያልጨረስኩትን ጨረሱልኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንደገና ጾሙ፣ እንደገና ጎረቤት ምግብ ይዞ መጣ፣ እንደገና አፌን ያዩ ጀመር።

ሰኞ

ነጋ። ሦስቱም አገልጋዮቻችን በነጠላ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ወጡ፤ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። ማንም አይናገርም፣ ማንም አያዜምም። ከፊታቸው እኔ፣ የአዴ ጫልቱን የፈረስ ጭራ ይዤ፣ ግራና ቀኝ እያወናጨፍኩ። የማለዳው ጭጋግ ከገደሉ ተነስቶ እስከ ጉልበታችን ደርሶ ነበር። እግራችን አይታይም፤ በነጭ ውኃ ላይ የምንሄድ ይመስላል፤ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ያሉት ከብቶች እንኳ ቀንዳቸው ብቻ ተንሳፍፎ ቆመው ያዩናል። ያን ሰዓት አምቦ ሰዎች ቦንዳዬን እየፈቱ ነበር። አሰብኩት፤ ግን የሌላ ሰው ቦንዳ መስሎ ነው የታየኝ።

አንዲት ዝንብ አላሳለፍኩም።

አምስቱም ገቡ። ቅዳሴው ተቀደሰ። ከውጭ ሆኜ ስሰማው በእኛ ደብር በየሳምንቱ እንቅልፍ የሚያስወስደኝ ያው ቅዳሴ ነው፤ እዚያ ግን ሰዉ እያንዳንዱን «አሜን» እንደ ውሰት ዕቃ ተጠንቅቆ ነበር የሚያነሳው። ኦቦ ገለታና አዴ ጫልቱ በአንድ ነጠላ ሥር ሆነው ቆረቡ። ሲወጡ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። ኦቦ ገለታ በአጠገቤ ሲያልፉ ጭራውን ከእጄ ወስደው ለሚስታቸው ሰጡ።

ከዚያ ሌላ ጭንቀት ጀመረ። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን አይተፋም፤ ማስመለስማ አይነሳም። ኦቦ ገለታ ደግሞ መኪና የሚያጥወለውላቸው ሰው ናቸው፤ ፊታችን ያለው የጊንደበረት መንገድ ነው። ዲያቆናቱን ኋላ ጭነቱ ላይ አስቀምጬ ባልና ሚስቱን ከቄስ ተክሌ ጋር ጋቢና አስገባኋቸው። እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። ድንጋይ ሳይ እቆማለሁ፣ ጉድጓድ ሳይ እዞራለሁ፤ በሬዎቹ ጎትተው ባወጡን ጅረት ላይ ውኃው ራሱ የቀደመን ይመስለኛል። አንድ በግ ነጂ አለፈን። ጎጆ ላይ ጉሙ ሲቀበለን ኦቦ ገለታ ዐይናቸውን ገልጠው «ደረስን?» አሉ። «የት?» አሏቸው አዴ ጫልቱ። ኦቦ ገለታ በመስታወቱ ነጩን እያዩ ፈገግ አሉ።

አምቦ የገባነው ሌሊት ነው። ምንም አልሆኑም።

ማክሰኞ

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ኦቦ ገለታ ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። «ጠብቅልኝ» አሉ፤ «ያልተለበሰ ነው።» ይዤው ወደ ሱቅ ሄድኩ። የደረሰኝ የቦንዳ ትርፍራፊ ግማሹ የልጆች ካልሲ ነበር፤ እሱንም ጥንድ የሌለው።

ከሳምንታት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ አዴ ጫልቱ ክንዳቸውን ደግፈዋቸው ኦቦ ገለታ ሱቄ ደጃፍ ብቅ አሉ። ከስተዋል፤ ግራ እጃቸው ግን ከሆዳቸው ላይ ወርዷል። ወንበር አቀረብኩላቸው።

«ኮቴን» አሉ።

አወረድኩላቸው። የውስጥ ኪሱን ፈተሹ፤ ቲኬቱ አለ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ማንም አልለበሰውም?»

ለሃያ ዓመት የለመድኩት መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«አንድ ሰው ለክቶታል» አልኩ። «ተሰቅሎ አይቶ ለመነኝ። ትከሻው ላይ ጠበበው።»

«ባይጠበውስ ኖሮ?»

«እሱን እንጃ፣ ኦቦ ገለታ።»

ሳቁ ከታች ጀምሮ መጣባቸው፤ በሁለት እጃቸው ሆዳቸውን ያዙ። አዴ ጫልቱ ኮቱን አንስተው በባላቸው ትከሻ ላይ ጣል እያደረጉላቸው፣ «ተው፣ አታስቀው» አሉኝ፤ «ስፌቱ ገና አልደረቀም።»